ለጢንዚዛ የጠበቅሁት ዝግባ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወደ ሱቄ ገባች። ወልድያ ውስጥ ባጃጆች ከሚቆሙበት ትንሽ ገባ ብላ ባለችው ጠባብ ሱቄ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ጽሑፍ አትማለሁ፣ ደብተርና እስክሪብቶ እሸጣለሁ። ከጠዋት ጀምሮ ዝናቡ አላባራ ብሎ ስለነበር ብቻዬን ተቀምጬ ነበር። ልጅቷ ጃንጥላዋን በር ላይ አራገፈችና ፍላሽ ሰጠችኝ።

«ጋሼ፣ ይቺን በከለር፣ ሦስት ኮፒ» አለች።

ማተሚያው አርጅቷል፤ ወረቀት የሚተፋው ቀስ እያለ ነው። መጀመሪያ የወጡት ቀንዶቹ ነበሩ። ሁለት ቀጫጭን፣ ወደ ኋላ የታጠፉ፣ ማለቂያ ያጡ የሚመስሉ ቀንዶች። ከዚያ ራሱ፣ ከዚያ ጀርባው። ወረቀቱ መሬት ሲወድቅ ላነሳው እንኳ አልሞከርኩም።

ልጅቷ ሳቀች። «አይፍሩ ጋሼ፣ ጢንዚዛ ነው። በአፍሪካ ተራሮች ላይ ብቻ የሚኖር ብርቅዬ ዝርያ ነው። እዚህ እኛ ጋም አለ ይባላል፤ ግን ያየው ሰው የለም።»

አይቼዋለሁ አላልኳትም። ወረቀቶቹን አስተካክዬ ሰጠኋትና ሄደች። እኔ ግን በዚያ ቀን ሌላ ሥራ አልሠራሁም።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አገራችን ግራና ከምትባለው ከተማ በላይ፣ ከሀብሩ ወደ ምዕራብ ሽቅብ ሲወጣ፣ ቆላው አልቆ ብርዱ የሚጀምርበት ተራራ ላይ ነው። ከታች ብርቱካንና ፓፓያ ይበላል፤ እኛ ጋ ገብስና ባቄላ። የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ ግን ሰው ወደ ታች ሲወርድ ሌላ አገር የሚሄድ ይመስለው ነበር። እናታችን የሞተችው እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። እህቴ ከዲጃ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴም እህቴም እሷ ሆነች። መርሳ ወዳለው ትምህርት ቤት በየሰኞው ስወርድ ስንቄን የምትቋጥርልኝ እሷ ነበረች፤ የገብስ ቆሎ፣ በሶ፣ አንዳንዴ ቂቤ የነካው ጭብጦ። ቋጠሮዋን ማንም በቀላሉ አይፈታውም። «መንገድ ላይ እንዳትጨርሰው ብዬ ነው» ትለኝ ነበር። ጥርሴን ተጠቅሜ እየፈታሁ መንገድ ላይ እጨርሰዋለሁ።

ስታገባም ሩቅ አልሄደችም። ሁሴን የሚባል የጎረቤታችን ልጅ አገባትና ቤታቸውን ከእኛ ማሳ ማዶ ሠሩ። አባታችን ይማም ሲያስነጥስ ትሰማዋለች ይባል ነበር። አራት ዓመት ሙሉ አላህ ልጅ አልሰጣቸውም። ሰው ማማት ጀምሮ ነበር። በአምስተኛው ዓመት አረገዘች፤ አባቴ ያን ቀን ሁለት ረከዓ ሰግዶ ከሰላት በኋላ ብዙ ቆየ።

መርሳ ላይ ባዮሎጂ የሚያስተምረን መምህር ጌታቸው የሚባል የወልድያ ሰው ነበር። ቀጭን ነው፤ የሸሚዙ ኪስ ሁልጊዜ በባዶ የክብሪት ሳጥን የተሞላ ነው። ተማሪው «ጌታቸው ጢንዚዛ» ይለዋል፤ እሱም ያውቃል፤ አይከፋውም። ክፍል ውስጥ እያስተማረ ዝንብ በመስኮት ብትገባ ትምህርቱ ያልቃል፤ ስለ ዝንቧ ዓይን ሲያወራ ደወል ይደወላል። አንድ ቅዳሜ፣ ወሩ ጥቅምት ነው፣ «የእናንተን ተራራ አሳየኝ» ብሎ አብሮኝ ወጣ።

ከዲጃ እሸት ባቄላና እርጎ አቀረበችለት። ከበላ በኋላ ወደ ወንዙ ወሰድኩት። በማሳችን ጫፍ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ መብረቅ የመታው አንድ ትልቅ ዝግባ ነበር። ከሞተ ብዙ ዓመቱ ነው። ቅጠል የለውም፤ ቅርፊቱ ተልጦ ግንዱ አመድ መስሏል፤ ግን እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ቆሟል። መምህሩ ከሥሩ ተንበርክኮ አፈሩን በጣቱ ሲፈልግ ቆየ። ድንገት ቀና አለ። በመዳፉ ላይ አንድ የጢንዚዛ ክንፍ ሽፋንና የተቆረጠ ቀንድ ነበር። ከኪሱ የክብሪት ሳጥን አውጥቶ እንደ ዕንቁላል በቀስታ አኖረው። ሰው ለጢንዚዛ ይህን ያህል ይጠነቀቃል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ለእረፍት አዲስ አበባ ሲሄድ ያችን ስባሪ ለአዋቂዎች አሳይቶ ተመለሰ። «ሰይድ፣ ይኼ ተራራ ላይ ብቻ የሚኖር ነው። በጣም ጥቂት ነው የተገኘው፤ ሕይወት ያለውን እዚህ አገር ያየ የለም» አለኝ። ትሉ በደረቅ ግንድ ውስጥ ዓመታት እየበላ እንደሚያድግ፣ ክረምት ሲገባ ክንፍ አውጥቶ ግንዱን ፈልፍሎ እንደሚወጣ፣ ሲይዙት ደግሞ አንገቱን እያሻሸ ሲጥ ሲጥ እንደሚል አስረዳኝ። የቆመ ደረቅ ዛፍ እንጂ የወደቀ እንደማይስማማው ነገረኝ። «ይህ ዛፍ ከተነካ አለቀ። አደራህን።»

አደራ ከባድ ቃል ነው። ለእኔ ለገበሬ ልጅ መምህር አደራ ሲለኝ ደግሞ የበለጠ ከበደኝ። አባቴን ለመንኩት። እሱ ዝግባውን ለበርና ለመስኮት አስቦት ነበር። ጺሙን እያሻሸ አሰበና «ለትል ብዬ ሳይሆን ለመምህርህ ብዬ እተወዋለሁ» አለ። ሁለት ዓመት ጠበቅሁት። ከሥሩ የሚረግፈው ብናኝ አዲስና ቢጫ ከሆነ ትሉ በሕይወት አለ ማለት ነው፤ በየሳምንቱ አይቼ ለመምህሩ እነግረዋለሁ። ጆሮን ግንዱ ላይ ቢለጥፉ ደግሞ ከውስጥ ቅርጥ ቅርጥ የሚል ድምፅ ይሰማል። አንድ ቀን ከዲጃም ጆሮዋን ለጠፈች።

«ምሳቸውን እየበሉ ነው» አለችና እስክትደክም ሳቀች። ሳቋ ከወገቧ ያጥፋት ነበር።

የመንደሩ ጎረምሶች «ሰይድ የሬሳ ዘበኛ» እያሉ ሲያላግጡብኝ እሷ ነበረች የምትመልስልኝ። «እናንተ ቀኑን ሙሉ ጥላ ስትጠብቁ ትውሉ የለም ወይ? ወንድሜ ዛፍ ቢጠብቅ ምን አለበት!»

በሁለተኛው ዓመት ሰኔ ላይ መምህሩ ለክረምት ወደ ወልድያ ሲሄድ ዛፉን ዳብሶ «ዘንድሮ ይወጣሉ፤ ቢዘገዩ ነሐሴ ነው። አንድ እንኳ ይዘህ ጠብቀኝ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በቀን ሦስት ጊዜ እሄድ ነበር። ልቤ ውስጥ ያኔ ምን እንደነበረ አሁን ስመረምረው፣ ለሳይንስ ፍቅር ብቻ አልነበረም። ማትሪክ አልመጣልኝም። የእኩዮቼ እጅ የማረሻ እርፍ ሲይዝ የእኔ እጅ ባዶ ነበር። ያ ጢንዚዛ አንድ ነገር ያደርገኛል ብዬ አምኜ ነበር። መጽሐፍ ላይ ስሜ የሚጻፍ መስሎኝ ነበር።

ከዲጃን ምጥ የያዛት በነሐሴ አጋማሽ ነው። ሁሴን በሬ ሊሸጥ ሐራ ገበያ ወርዶ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ጠዋት ላይ አዋላጇ እማማ ዘይነባ ከቤት ወጥተው አባቴን ወደ ጎን ጠሩት።

«ይማም፣ የእኔ እጅ እዚህ ላይ አበቃ። ልጁ ተጋድሟል። አሁኑኑ መርሳ ትውረድ።»

ቃሬዛ ተበጀ፤ ስምንት ወንዶች ተሰበሰብን፤ እማማ ዘይነባ ኋላ ኋላ ተከተሉን። ወንዙ ጋ ስንደርስ ግን ወንዝ አልነበረም። ድንጋይ እየረገጥን የምንሻገርበት ቦታ ሁሉ ጠፍቶ፣ ቀይ ውኃ ግንድና ቋጥኝ እያንከባለለ ይጮኻል። መሻገሪያው ከዝግባው ሥር ነው። ሁላችንም ቆመን ውኃውን አየን። አባቴ ግን ወደ ላይ አየ። ዝግባውን።

«ይቺ ዝግባ ብትወድቅ ማዶ ትደርሳለች» አለ። «መጥረቢያ አምጡ።»

እስካሁን ድረስ ያን ጊዜ አፌን ምን እንዳስከፈተው አላውቅም እል ነበር። አውቃለሁ። በዚያኑ ቀን ጠዋት ገና ሰው ሳይነሣ ሄጄ ከግንዱ ላይ አዲስ የተፈለፈለ ቀዳዳ አይቼ ነበር፤ ሊወጡ ነው።

«አባባ፣ የታችኛው መሻገሪያ ይሻላል። እዚያ ውኃው ይሰፋል፣ ይሳሳል። እኔ ትናንት ማታ በዝናቡ ተሻግሬበታለሁ» አልኩ።

አልተሻገርኩም። ትናንት ወደ ታችኛው መሻገሪያ ድርሽ አላልኩም።

አባቴ ዓይኔን አየኝ። «እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

አመኑኝ። የተማርኩ ልጅ ነኝ፤ ቃሬዛው ላይ ያለችው ደግሞ እህቴ ናት፤ በእሷ ላይ እዋሻለሁ ብሎ ማን ያስባል? ቃሬዛውን ተሸክመን በጭቃው እየተንሸራተትን ወረድን። ከዲጃ አትጮኽም ነበር፤ ምጡ ሲመጣ የቃሬዛውን እንጨት ትጨብጣለች፤ ሲለቃት «ቀስ በሉ፣ እንዳትወድቁ» ትላለች። የታችኛው መሻገሪያ ስንደርስ ውኃው ሰፍቷል፤ አልሳሳም። አንድ ጎረምሳ ወገቡን በገመድ ታስሮ ገባ። አምስት እርምጃ ሳይሄድ ውኃው ገለበጠው፤ ጎትተን አወጣነው። ማንም ምንም አላለኝም። ይህ ነው እስካሁን የሚያቃጥለኝ። አንድ ሰው እንኳ «አንተ ልጅ» ብሎ ቢቆጣኝ ኖሮ።

ያን ሁሉ ዳገት መልሰን ወጣን። መውረድና መውጣታችን ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ፈጅቷል። በተራዬ ከጎኗ ስሸከም እጇን ዘርግታ ክንዴን ያዘችኝ። እጇ ቀዝቅዞ ነበር።

«ሰይዶ» አለች። ሲደላት ነው እንዲህ የምትጠራኝ። «ዛፍህን ልናስቆርጥብህ ነው አይደል?»

የቃሬዛውን እንጨት ወደ ትከሻዬ አስጠጋሁ።

«አይዞህ» አለችኝ። «ለመምህርህ እኔ እነግረዋለሁ።»

ሦስት መጥረቢያ በአንድ ጊዜ ተነሣ። አንዱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። እንደ እብድ ቆረጥኩ፤ አባቴ «ራስህን እንዳትመታ» እያለ ይጮኻል። የደረቀ ዝግባ ሲመታ እንደ ከበሮ ያስተጋባል። ከውስጡ ቢጫ ብናኝ እየተነፋ ፊታችንን ሸፈነው። ወደ ማዶ ወደቀ፤ ገደሉን ሞልቶ ተጋደመ፤ መሐሉ ላይ በረጅሙ ተሰነጠቀ፤ ግን ያዘ።

ቃሬዛውን በገመድ አሰርነው። አባቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ግንዱን እንደ በቅሎ ተፈናጠን እየሳብንና እየገፋን ተሻገርን። ከሥራችን ውኃው ይፈላል። መሐል ላይ ስንደርስ፣ አባቴ ትንፋሽ ሲሰበስብ፣ ከስንጥቁ ውስጥ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከእጄ አንድ ስንዝር አይርቅም። መጀመሪያ ቀንዶቹ ወጡ፣ ቀጥሎ እሱ ራሱ ወጣ፤ ግንዱ ላይ ቆመና ቀንዶቹን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አወዛወዘ። መምህሩ ይሰማል ያለኝን ድምፅ ለመስማት ሞከርኩ፤ የውኃው ጩኸት አላሰማኝም።

እዚህ ላይ እስካለፈው ሳምንት ድረስ ለማንም ያልተናገርኩትን ልናገር። ደስ አለኝ። እህቴ ከፊቴ ተኝታ እያቃሰተች፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል፣ ልቤ ዘለለች። ሁለት ዓመት የጠበቅሁትን አየሁ። ከዚያ አባቴ «ግፋ!» አለ፤ ገፋሁ፤ ጢንዚዛው ወዴት እንደሄደ አላየሁም።

ሌሎቹም በየተራ ተሻግረው ማዶ ስንገናኝ መሮጥ ጀመርን። ግራና አልደረስንም። የብርቱካን አትክልቱ የሚጀምርበት፣ የመስኖው ቦይ መንገዱን የሚያቋርጥበት ቦታ ላይ የዙህር አዛን ከታች ይሰማ ነበር፤ ያን ያህል ቀርበን ነበር። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታለች፤ እርጥብ አፈርና የብርቱካን ቅጠል ይሸታል። እማማ ዘይነባ «አውርዷት» አሉ። አወረድናት። ጎንበስ ብለው ቆዩና ነጠላዋን ወደ ላይ ሳቡት።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ አባቴ። ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር። ልጁም ከእሷ ጋር ሄደ።

በዚያው ግንድ ላይ መልሰን አሻገርናት። ከዓስር ሰላት በኋላ ተቀበረች። ሁሴን በማግስቱ ደረሰ፤ ከሐራ ለአራሷ ብሎ ቀይ ሻሽ ገዝቶ መጥቶ ነበር።

ሊያጽናናን ለተዕዚያ ሰው ሲመጣ አባቴ ደጋግሞ የሚያወራው ስለ እኔ ነበር። «ልጄ መሻገሪያ ፍለጋ ያልረገጠው ድንጋይ የለም። ለእህቱ ነፍሱን ነው የሰጠ» ይላል፤ ሰዉ «አላህ ይባርክህ» ይለኛል። እኔ አንገቴን እደፋለሁ፤ ከሐዘን ነው ይላሉ። አንድ ቀን እነግረዋለሁ እያልኩ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። ሊሞት ሲል እጄን ይዞ ዱዓ አደረገልኝ። «ለእህትህ እንደሮጥክላት አላህ ላንተም የሚሮጥልህ ይስጥህ» አለኝ። አሚን አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

መምህሩ መስከረም ላይ መርዶውን ሰምቶ ሁለት ኪሎ ስኳር በፌስታል ይዞ ያን ዳገት ብቻውን ወጣ። ዛፉ በወደቀበት ሲያልፍ አንዴም ዞር ብሎ አላየም። ስሸኘው ያንኑ ግንድ ተሻገርንና እዚያው ማዶ ላይ ሁሉንም ነገርኩት፤ ውሸቴን፣ የታችኛውን መሻገሪያ፣ ጢንዚዛውን። ደስታዬን ብቻ ዘለልኩት። ይመታኛል ብዬ ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ሰይድ» አለ። «እኔ ኖሬ ብትጠይቀኝ እኮ በጥርሴ እገነድሰው ነበር።»

ከዚያ በኋላ ስለ ጢንዚዛ ሲያወራ አልሰማሁትም። በዓመቱ ተዛውሮ ሄደ፤ የት እንዳለ አላውቅም። ግንዱ ሦስት ክረምት ድልድይ ሆኖ አገለገለ፤ በአራተኛው ጎርፍ ወሰደው። እኔም ወደ ወልድያ ወረድኩ፤ አንድ ሱቅ ተቀጥሬ ጀመርኩ፤ አገባሁ፤ ወለድኩ። አንድ ጊዜ ለሥራ ሱቄ የምትመጣ አንዲት ነርስን «አንድ ሰዓት ተኩል ለውጥ ያመጣል ወይ?» ብዬ የሌላ ሰው ታሪክ አስመስዬ ጠየቅኋት። «ሊያመጣም ላያመጣም ይችላል፤ ማንም አያውቅም» አለችኝ። ይህን መልስ ይዤ ነው የምኖረው። «አዎ» ብትለኝ አለቅስ ነበር፤ «አይ» ብትለኝ እተኛ ነበር።

ልጅቷ ወረቀቷን ይዛ በሄደችበት ቀን ሱቄን ቀደም ብዬ ዘግቼ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ ሩቅያ ምን ሆነህ አለችኝ። እህት እንደነበረችኝና በወሊድ እንደሞተች ታውቃለች፤ ከዚያ ያለፈ አውርቻት አላውቅም። እራት ቀርቦ ሁለቱ ሴቶች ልጆቼ ተቀምጠው ሳለ ጀመርኩ፤ ሳልጨርስ አላቆምኩም። በመምህሩ ፊት የዘለልኩትንም አልዘለልኩም። ሩቅያ ቁራሿን እንደያዘች ቀረች። ስጨርስ አልወቀሰችኝም፤ አላጽናናችኝምም።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጥፋትህን ስትደብቅ እሷንም አብረህ ደበቅሃት» አለች ብቻ። «እነዚህ ልጆች ስሟን ዛሬ መስማታቸው ነው።»

እውነቷን ነው። ስለ ከዲጃ ባወራሁ ቁጥር ወደዚያ ወንዝ የምወርድ እየመሰለኝ፣ ሳቋንም፣ ቋጠሮዋንም፣ ለጎረምሶቹ የምትመልሰውንም ሁሉ ዘግቼበት ኖሬአለሁ። ሰው የበደለውን ሰው ማስታወስ ሲፈራ ሁለተኛ ይበድለዋል፤ ይህን ያወቅሁት አርጅቼ ነው። ስለዚህ ያን ማታ ስለ እሷ እንጂ ስለ ሞቷ ላለማውራት ሞከርኩ። ልጆቹ በቋጠሮው ሳቁ። ትንሿ ልጄ ሐያት ወደ እኔ ተጠጋች።

«አባ፣ መልኳ እንዴት ነበር? እኔን ትመስላለች?»

ፎቶ ተነሥታ አታውቅም። ዓይኔን ጨፈንኩ። ጥቁሩ ጀርባ፣ ግራና ቀኙ ላይ ያሉት አምስት አምስት ቢጫ ነጠብጣቦች፣ ቀንዱ ላይ ነጭና ጥቁር እየሆኑ የሚወርዱት ቀለበቶች፣ የፊት እግሩ ላይ የተጣበቀችው ብናኝ ሳትቀር አንድ በአንድ መጡልኝ። የከዲጃ ፊት ግን አልመጣም። ብዙ ጠበቅሁ፤ አልመጣም።

«አዎ» አልኳት ልጄን። «አንቺን ትመስላለች።»